«አባት እንጀራ አይጋግርም» ትለኛለች፣ ምጣዱ ፊት ቆሜ እያየችኝ

የሆጤው_አባወራ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የመጣሁት ለምክርም ለሳቅም ነው።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ በፈረቃ ነው የምትሠራው። አንዳንድ ሳምንት ገና ሳይነጋ ትወጣለች። እኔ ደሴ እዚሁ ቤታችን አጠገብ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እጠግናለሁ። ስለዚህ ማጀቱ የኔ ሆኗል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቤታችን የሚበላውን እንጀራ የምጋግረው እኔ ነኝ። ግማሹ ጎረቤት ይመሰክራል፣ ግማሹ ያማል።

ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ቅዳሜ ዕለት ምጣዱን አሰስኩ። ሊጡን ከዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሀል አፈሰስኩ። ዓይን ሲያወጣ ከደንኩ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ከጎረቤት የመጣች እኩያዋ «እናትሽ የት ሄደች?» አለቻት። «ሥራ።» «ታዲያ እንጀራ ማን ይጋግራል?»

የኔዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እማዬ ናታ! አባት እንጀራ አይጋግርም።»

ይህን ስትል እኔ እንጀራውን በሰፌድ እያወጣሁ ነው። እሷ ደግሞ የኔኑ ትኩስ ቁራሽ እየገመጠች ነው።

ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማን ነገራት? እኔ አላልኩ፣ እናቷ አላለች። ልጆች ይሄን «የወንድ ነው፣ የሴት ነው» የሚሉትን ነገር ከየት ነው የሚያመጡት? ስንት ዓመታቸው ላይስ ነው የሚጀምራቸው? የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

እማማ_ከባቲ
ኧረ አንተ ልጅ! ሕፃን የመሰላትን ተናገረች፣ ምን ያስደነግጥሃል? እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ አራቱ ወንዶች ናቸው። አንዳቸውም ምጣድ ነክተው አያውቁም፤ ጦሙን ያደረ ግን የለም። ለማንኛውም እጅህ ይባረክ። እንጀራህ ዓይን ካወጣ ሌላው የሰው አፍ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እንግዳ ሲመጣ የሚያቀርበው ማን ነው?

መምህርት_ኩታበር
አፀደ ሕፃናት ነው የማስተምረው፣ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ይሄ ያልከው ነገር እኔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ አለ።

መቼ ይጀምራል ላልከው፣ ከምትገምተው በፊት ነው። ልጅ ሁለት ዓመት ከምናምን ሲሆነው ራሱን «ወንድ ነኝ»፣ «ሴት ነኝ» ማለት ይጀምራል። ነገር ግን ቃሉን አወቀ ማለት ነገሩን ጨረሰው ማለት አይደለም። ላውረንስ ኮልበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 እንደጻፈው ልጁ በደረጃ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ስሙን ይለያል። አራት ዓመት አካባቢ ወንድ ልጅ ሲያድግ አባት እንጂ እናት እንደማይሆን ይገባዋል። ልብስና ጸጉር ቢቀየር ሰውየው ያው ሰውዬ እንደሆነ የሚገባው ግን አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመቱ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን የሌላ ልጅ አጎት ሽርጡን አገልድሞ፣ ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰውዬ፣ ሊወስደው መጣ። አዲሱ ልጅ ጮክ ብሎ «ቲቸር፣ ሴትዮ መጣች!» አለ። የኛው ልጅ ሊያለቅስ ደረሰ። «አጎቴ ነው! ቀሚስ አይደለም፣ ሽርጥ ነው!» ሰውየው ጺሙን ቢያሳየውም አዲሱ ልጅ አልተመለሰም። ከወገብ በታች የተንዠረገገ ጨርቅ ካለ ሴት ነው፣ አለቀ። የኛዎቹ ልጆች ደግሞ ሽርጥ የለበሰ አባት ስላላቸው እንዲህ ዓይነት ሕግ በጭንቅላታቸው የለም።

ሳንድራ ቤም የተባለች ተመራማሪ በራሷ ልጅ የገጠማትን ተናግራለች። ልጇ የጸጉር መያዣ አድርጎ መዋያው ሄደ። ጓደኛው «ሴት ነህ» አለው። ቢለው ቢለው አልሰማ ስላለ በመጨረሻ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አሳየው። ጓደኛው ግን አልተበገረም፤ ይሄማ ሁሉም ሰው አለው፣ የጸጉር መያዣ የሚያደርጉት ግን ሴቶች ብቻ ናቸው አለ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልጅህ አልዋሸችም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሕግ ሰብሳቢ ነው። ዓይኗ ያየው አንድ አባት ነው፤ በሌላው ቤት ሁሉ የምታየው ግን እናት ስትጋግር ነው። አንተ ለሕጓ አልተመቸሃትም፣ ስለዚህ አንተን ተወችህ። እ.ኤ.አ. በ1983 ማርቲንና ሃልቨርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ሥዕል አሳዩ። በአንዳንዱ ሥዕል ልጃገረዷ እንጨት በመጋዝ ትቆርጣለች፣ ወንዱ ያበስላል። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ገልብጠው ነው ያስታወሱት። እንጨት የቆረጠው ወንዱ ሆኖ ቁጭ።

ሰዋስው_ወዳድ
መምህርት፣ ግሩም ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቋንቋችንን አትርሱት።

በአማርኛ ልጅን «ና» ወይም «ነይ» ሳትል መጥራት አትችልም። «ብላ» ነው ወይም «ብዪ»። «ተኛ» ነው ወይም «ተኚ»። ሕፃኑ ዳዴ ሳይል ጀምሮ በየትእዛዙ ላይ ጾታው ተለጥፎ ይመጣለታል። በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ «ና» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይነግረውም።

ጊዮራ የተባለ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ጥናት በዚሁ ላይ ነው። ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና ፊንላንድኛ የሚናገሩ ሕፃናትን አወዳደሩ። ዕብራይስጥ እንደኛው በየግሱ ወንድና ሴት ይለያል። ፊንላንድኛ «እሱ» እና «እሷ» እንኳ አይለይም። የራሳቸውን ጾታ ቀድመው የለዩት ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ናቸው፤ ፊንላንዶቹ ዘገዩ። ኋላ ላይ ሁሉም እኩል ይደርሳሉ።

ደግሞ የኛ ነገር መች ቀላል ነው። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ እስቲ አንቺ» ትላለች፣ ሴቷን «አንተ ጎረምሳ» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ እስከ አራት ዓመቱ ስለራሱ «በላሁ፣ ጠጣሁ» ይልና ለእናቴ ሲሆን «አንተ እማዬ» ይላት ነበር።

ተፈጥሮ_ይበልጣል
አይ፣ ነገሩን አታወሳስቡት። ወንድ ወንድ ነው፣ ሴት ሴት ናት። የኔ ልጅ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም፤ ዱላ ካገኘ ግን «ቷ ቷ» ነው። እህቱ ያንኑ ዱላ እንደ ሕፃን አዝላ «እሹሩሩ» ትላለች። ማን አስተማራቸው? ማንም። አባወራው ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ ግን ልጆችን አናምታታ።

ነርሷ_ወልድያ
ተፈጥሮ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት አለህ። በግማሹ ልሟገትህ።

ተፈጥሮ ድርሻ አለው። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢያቸው ገና በማኅፀን ሳሉ «የወንድ ሆርሞን» የምንለውን አንድሮጅን በብዛት የሚያመነጭ ሴት ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በርንባውምና ሃይንስ እንዳሳዩት እነዚህ ልጃገረዶች ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በመኪና መጫወት ይወዳሉ። አብዛኞቹ ግን ራሳቸውን የሚያውቁት ሴት ብለው ነው። የምንጫወትበትና የምንሆነው አንድ ነገር አይደለም።

ሌላ ከባድ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳ ውስጥ መንታ ሆኖ የተወለደ ዴቪድ ራይመር የሚባል ልጅ ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላው ሲገረዝ በደረሰ አደጋ ብልቱን አጣ። ጆን መኒ የተባለ ባለሙያ «ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት፣ ይሆናል» ብሎ ወላጆቹን መከረ። ቀሚስ ለበሰ፣ አሻንጉሊት ተሰጠው። አልሆነለትም። 14 ዓመቱ ላይ እውነቱን ሲነገረው ወደ ወንድነቱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱን አጠፋ። ልጅ እንደ ጭቃ እንዳሻን የምናበጀው እንዳልሆነ እኔን ያሳመነኝ ይሄ ታሪክ ነው።

ግን «ማንም አላስተማራቸውም» ያልከው ላይ ቆይ። እኛ ማስተማራችንን አናውቀውም። ኮንድሪና ኮንድሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሰዎች አንድ ሕፃን በፊልም አሳዩ። ከሳጥን ውስጥ ብድግ የሚል አሻንጉሊት ሲመጣበት ሕፃኑ ያለቅሳል። «ወንድ ነው» የተባሉት «ተናደደ» አሉ። «ሴት ናት» የተባሉት «ፈራች» አሉ። ሕፃኑ ያው አንድ ሕፃን ነው፣ ለቅሶውም ያው ለቅሶ። ለተናደደ ልጅ የምንሰጠው ፊትና ለፈራች ልጅ የምንሰጠው እቅፍ ይለያያል። እኔ ራሴ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ «ጎበዝ ወንድ!» እና «እቺ ቆንጆ!» ስል ሰምቼ ራሴን ታዝቤዋለሁ። አምስት ደቂቃ ያልሞላው ሕፃን ጉብዝናው ምኑ ላይ ነው?

የወርቂት_ልጅ
ነርሷ ያለችው ትክክል ነው። እንዲያውም እኛ ወሎ ላይ በሁለቱም ሃይማኖት ነው የምንለየው። የኛ ቤት ድብልቅ ስለሆነ ሁለቱንም ቆጥሬ አድጌያለሁ። በክርስቲያኑ ወገን ወንድ ሲወለድ እልልታው ሰባት ነው፣ ሴት ስትሆን ሦስት። ክርስትና ለወንድ በ40 ቀን፣ ለሴት በ80 ቀን። በአያቴ በኩል በሙስሊሙ ደግሞ አቂቃ የሚባለው የልደት እርድ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ በግ። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ቤቱ ግን ቆጥሮ ጨርሷል።

ከፍ ሲሉ ደግሞ ነሐሴ ይመጣል። በ13 ወንዶቹ ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ ይላሉ። በ16 ላስታ ላይ ልጃገረዶቹ በአሸንድዬ ይወጣሉ፣ ቆቦ በሶለል። በሦስት ቀን ልዩነት አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ዓለም። ይሄ እንዲቀር አልፈልግም በበኩሌ። እህቴ ከዓመት እስከ ዓመት ጎልታ ድምፅዋን የምታሰማው በነዚያ ቀናት ነበር።

ብቻ «ወንድ ይህን፣ ሴት ያን» የሚለው ሕግ እዚሁ ወሎ ላይ ሁሌ አንድ እንዳልነበር አትርሱ። ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት በቴዎድሮስ ዘመን ወሎን የተፎካከሩበት ሴቶች ናቸው፣ ጦር ያላቸው። ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ወደ ሸዋ ያሳለፈችው ወርቂት ናት፣ ልጇን አጥታበታለች። ደሴ ላይ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተምሮ «የስኂን ተማሪ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ጎረምሳ በሴት ስም መኩራቱ ትዝ አይለውም። እማማ ከባቲ ግን የጠየቁትን ጥያቄ አባወራው አልመለሰም። አየሁ።

ጭንቅ_ያለባት
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ስድስት ዓመት ያለፈው ልጄ ከሴቶች ጋር ብቻ ነው ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወተው። አባቱ «ሴታሴት ልታደርጊው ነው» ብሎ ይቆጣዋል። አንድ ቀንም መታው። ምን ላድርግ?

ነርሷ_ወልድያ
እህቴ፣ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት በሽታ አይደለም። ጥሩ ሚዛን የሚጠብቅ ልጅ ነው ማለት ነው። ዱላው ግን ይቁም። የተመታ ልጅ ጨዋታውን አይተውም፤ ተደብቆ መጫወትን ነው የሚማረው። አባቱ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይየው፣ ከቻለም ይዝለል።

መምህርት_ኩታበር
እኔም ልጨምርልሽ። በዚህ ዕድሜ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት መቧደን በጣም የበዛ ነው። ማኮቢና ጃክሊን እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳወጡት ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ላይ ከራሳቸው ጾታ ጋር የሚጫወቱት ከሌላው ጋር ከሚጫወቱት ሦስት እጥፍ ነበር። ስድስት ዓመት ተኩል ላይ 11 እጥፍ ሆነ። ልጅሽ ከዚህ ወጣ ስላለ ነው ለዓይን የገባው እንጂ ያጠፋው ነገር የለም። ሕጉ አምስት ስድስት ዓመት ላይ ነው እንደ ብረት የሚጠነክረው፣ ከዚያ በኋላ እየላላ ይሄዳል።

ከአምባሰል_ማዶ
ሁሉንም አነበብኩ። እኔ የጥናት ሰው አይደለሁም። «ሴት ያሳደገው» የሚባለው ስድብ ግን የኔ ነው።

አምስት ወንዶች ነን። እህት የለንም። አባታችን በጊዜ ሞተ። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ፣ ማለትም እኔ፣ ቤት ቀረሁ፤ ታላቄ ከብት ይጠብቃል። ውሃ እቀዳለሁ፣ ታናናሾቼን አዝላለሁ፣ ቡና እቆላለሁ። ጀሪካኑን በጀርባዬ አዝዬ ከምንጩ ስወጣ እረኞቹ «እሜቴ፣ በርቺ!» ይሉኛል። ስለዚህ ውሃ የምቀዳው ሲመሻሽ ነበር።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ማጀት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። እናቴ ሊጥ ታቦካለች። ደጅ ላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። እናቴ ምንም አላለችም። ቢላውን ከእጄ ወሰደች። ሽንኩርቱን ወደራሷ ሳበች። በዓይኗ በሩን አሳየችኝ። እኔም ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ፣ እንደ ወንድ። ሴትዮዋ ገብታ ሄደች። እናቴ ጠራችኝ። ቢላውን መለሰችልኝ።

ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ማፈሩንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቃል አልወጣትም። ዛሬ ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ ከሚስቴ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ፣ እጄ ያውቀዋል። የጎረቤት ኮቴ ስሰማ ግን ሕፃኑን ለሷ የማቀብለውም እኔ ነኝ። አርባ ዓመቴ ነው!

መምህርት_ኩታበር
ወንድሜ፣ አስለቀስከኝ። ያንተ ታሪክ ኬንያ ላይ ተጠንቷል ብልህ ታምናለህ? ካሮል ኤምበር የተባለች የአንትሮፖሎጂ ሰው ሉኦዎች መንደር ውስጥ ሆና ያጠናችውን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመች። ለሥራ የደረሰች እህት የሌላቸው ወንዶች የሴት የሚባለውን ሥራ ይሠራሉ፣ ልክ እንዳንተ። እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ጠበኝነታቸው ያነሰ ነበር። ጠባያቸው በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ሆኖ ተገኘ። በተለይ ለውጥ ያመጣው ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ያን ያህል አልለወጠም።

እኔ ለወላጆች የምለው ሁሌ ይሄንኑ ነው። «ወንድና ሴት እኩል ናቸው» ብሎ መስበክ ልጅ ጆሮ አይገባም። ሕፃን ያዘለ ልጅ ግን ጀርባው ይማራል። ያ የቢላው ነገር ግን በጥናቱ የለም፤ እሱን አንተ ነህ ያስተማርከኝ።

የሆጤው_አባወራ
እሺ። እማማ፣ ጥያቄዎን ሸሽቼ ነበር። አሁን ልመልስ።

እንግዳ ሲመጣ የምታቀርበው ባለቤቴ ናት። የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ወጡንም አብዛኛውን ቀን እኔ ነኝ። በር ሲንኳኳ ግን ሽርጤን ፈትቼ ሱሪ እቀይርና ሳሎን ገብቼ እቀመጣለሁ። እሷ በመሶብ ይዛ ትወጣለች። አማቴ «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። እሷም «አሜን» ትላለች። ተስማምተን አይደለም፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ይሄን ሁሉ ታያለች።

የአምባሰሉ ወንድሜ ስለ ቢላው ሲጽፍ ስልኩን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ። አንተ በእናትህ ዓይን ተባረርክ። እኔን ማንም ሳያባርረኝ ነው የምወጣው።

እማማ_ከባቲ
አውቄ ነው የጠየቅኩህ። አማትህ ደግሞ ማን እንደጋገረው የማያውቁ መስሎህ ነው? የሴት ልጃቸውን እንጀራ በዓይናቸው ይለዩታል። ዝም ያሉህ አፍረውልህ ነው።

ተፈጥሮ_ይበልጣል
እኔ አሁንም ዱላው ላይ አለሁ 😄 ግን ስለ ኮቴው ያላችሁት ነገር እኔም ቤት አለ። ልዋሽ አልችልም።

የሆጤው_አባወራ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳውቃችሁ።

እሑድ አማቴ መጡ። ልቤ እየመታ ሽርጤን እንዳገለደምኩ ቀረሁ። መሶቡን እኔው ይዤ ወጣሁ። አማቴ እንጀራውን ገልበጥ አደረጉና ጀርባውን አዩ። «ቅዳሜ ነው የጋገርከው?» አሉኝ። «አዎ እማዬ።» «ትንሽ ኮምጥጧል፤ አብሲቱን ቀድመህ ጣለው።» አለቀ። ሌላ ነገር የለም። ባለቤቴ ሳቋን ስትይዝ ቡናው ሊገነፍልባት ነበር። እኔ ለስንት ዓመት የፈራሁት ይሄን ነው?

ልጄ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ጭቃ አቡክተዋል። የቆርኪ ምጣድ ደርድረዋል። ልጁ «እኔ አባት ነኝ፣ ሥራ ልሄድ» አለና ተነሳ። የኔዋ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። «አባት ሥራ አይሄድም! አባት እንጀራ ይጋግራል። እኔ ነኝ ኮምቦልቻ የምሄደው።» ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ልጁ ጭቃውን እያየ ማልቀስ ጀመረ።

መምህርት_ኩታበር
ሕጉን አልተወችውም፣ ገለበጠችው እኮ 😂

እማማ_ከባቲ
የሰው ልጅ አስለቀሰች! ዶሮ ወጥስ ትችላለህ?

የሆጤው_አባወራ
እማማ፣ ዶሮው ገና ነው። 12 ብልት ለማውጣት ሞክሬ 14 ሆነብኝ።